ዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ፦ ለትምህርትና ለሕክምና ወደ ህንድ ለሚሄዱ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ታጅ ማሃል አላወራም፤ እሱን ማንም ያሳያችኋል። የማወራው ስለ ጋዝ ሲሊንደር፣ ስለ ብስኩት ፓኬት፣ ስለ ባቡር ትኬትና ስለ ክኒን ነው። ህንድ ስትገቡ ሰው ጠይቃችሁ ሦስት ዓይነት መልስ የምታገኙበት ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ዕቃው ራሱ ላይ በፊደልና በቁጥር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሂንዲ ወይም ታሚል አለማወቅ ብዙም አይጎዳም፤ ጽሑፉ በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የሚጎዳው የት እንደተጻፈ አለማወቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የእናንተ ጽሑፍ ይነበባል፤ ቢጫ ካርዳችሁ ማለቴ ነው። ከኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚታሰበው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ማክሰኞ ተወግቶ ዓርብ የተሳፈረ ሰው ካርድ እያለው እንደሌለው ይቆጠራል፤ ለይቶ ማቆያም ሊገባ ይችላል። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፉን እዚሁ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ገንዘብ። ህንዶች ኮማ የሚያስቀምጡት እንደ እኛ በየሦስት አኃዙ አይደለም። ከቀኝ መጀመሪያ ሦስት ይቆጥራሉ፣ ከዚያ በየሁለቱ ይከፍላሉ። 1,00,000 አንድ ላክ ነው፤ ማለት አንድ መቶ ሺህ። መቶ ላክ አንድ ክሮር ይባላል፤ አሥር ሚሊዮን ነው። የሆስፒታል ግምት 4,50,000 ተብሎ ሲመጣ አራት መቶ ሃምሳ ሺህ ሩፒ ነው እንጂ አራት ሚሊዮን አይደለም። ተርጓሚው በስልክ «አራት ተኩል» ብሎ ከዘጋ አራት ተኩል ላክ ማለቱ ነው። ቁጥሩን በአኃዝ አጽፉት፣ ኮማዎቹን ከኋላ ቁጠሩ።

የታሸገ ነገር ሁሉ ላይ «ኤም አር ፒ» የሚል አለ፤ ግብር ሁሉ ተጨምሮበት ዕቃው ሊሸጥ የሚችልበት የመጨረሻው ዋጋ ነው። ባለሱቁ ከዚያ በታች ሊሸጥላችሁ ይችላል፣ በላይ መሸጥ ግን ሕግ አይፈቅድለትም። ለስላሳ ወይም ውሃ ሲገዛ «የማቀዝቀዣ» ተብሎ ሁለት ሦስት ሩፒ የሚጨመረው ትክክል አይደለም፤ ጣታችሁን ዋጋው ላይ ብታሳርፉ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሬስቶራንት ውስጥ ተቀምጣችሁ ለምትጠጡት ግን ይህ አይሠራም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ለሆቴልና ለሬስቶራንት ፈቅዷል። ውሃ ስትገዙ ከዋጋው ሌላ የምትፈልጉት ቁጥር «አይ ኤስ 14543» ነው፤ የታሸገ የመጠጥ ውሃ መለኪያ ነው። ትልቁ የ20 ሊትር ጀሪካን ይህ ቁጥር ከሌለው፣ ከየትኛውም ቧንቧ ተሞልቶ የመጣ ሊሆን ይችላል።

እዚያው ፓኬት ላይ አረንጓዴ አራት ማዕዘን፣ በውስጡ አረንጓዴ ክብ ታያላችሁ። ሥጋ የለበትም ማለት ነው። ቡናማ አራት ማዕዘን ውስጥ ቡናማ ሦስት ማዕዘን ካለ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል አለበት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጾመኛ የሆነ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አረንጓዴው ምልክት የጾም ማለት አይደለም። ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎና ፓኒር የሚባለው አይባቸው በሙሉ አረንጓዴ ውስጥ ይገባሉ። ብስኩቱ አረንጓዴ ሆኖ የወተት ዱቄት ሊኖረው ይችላል፤ ከጀርባው ያለውን የይዘት ዝርዝር ማየት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ከእንስሳ የተገኘ ነገር ጨርሶ ለሌለበት ምግብ ሌላ ምልክት ወጥቷል፤ ቅጠል ያለበት አረንጓዴ «ቪ» ፊደል ነው። እሱን ካገኛችሁ ልባችሁ ይረፍ፤ በየሰፈሩ ሱቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ ባሰ። «ጾመኛ ነኝ» ካላችሁ አስተናጋጁ የሚገባው የእነሱ ጾም ነው፤ «ቭራት» ይሉታል። እህል ይከለክላል፣ ወተት ግን አይከለክልም። ስለዚህ ድንችና ሳቡዳና (ከካሳቫ ስታርች የሚሠራ ትንንሽ ፍሬ) ከእርጎ ጋር ይዞላችሁ ይመጣል፤ ያውም በደስታ። የጾምን ስም ከመጥራት የማትበሉትን ነገር መጥራት ይሻላል፦ «ቢና ዱድ፣ ቢና ጊ፣ ቢና ዳሂ»፤ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እርጎ። በተለይ ጊ የሚባለው የነጠረ ቅቤ ሳይጠየቅ ይመጣል፤ ምስር ወጡ ላይ በመጨረሻ ይቁላላል፣ ቂጣው ከምጣድ ሲወርድ ይቀባል። ናን ሊጡ ውስጥ እርጎ ወይም ወተት ስለሚገባበት ተዉት፣ ታንዱሪ ሮቲ «ያለ ጊ» ብላችሁ እዘዙ። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ይቀላል፤ ኢድሊና ዶሳ ከሩዝና ከኡራድ ምስር ተፈጭተው አድረው ስለሚቦኩ ለእንጀራ አፍ አይከብዱም። እግረ መንገዴን፣ ካርናታካ ውስጥ «ራጊ» ብለው የሚሸጡት ዱቄት የእኛው ዳጉሳ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነስቶ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ህንድ የገባ እህል ነው። ጤፍ ላጣ ሰው ጥሩ መነሻ ነው።

ቤት ስትከራዩ ውሉ 11 ወር መሆኑ አያስገርማችሁ። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ኪራይ መመዝገብ ስላለበት፣ ያንን ወጪና ጣጣ ለመሸሽ አንድ ወር ይቀንሳሉ። «አንድ ቢ ኤች ኬ» ማለት አንድ መኝታ፣ ሳሎንና ማድቤት ነው፤ «አር ኬ» ከሆነ ክፍልና ማድቤት ብቻ። አከራዩ የውጭ ዜጋ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ «ፎርም ሲ» የሚባለውን የውጭ ዜጋ ማሳወቂያ ቅጽ በኢንተርኔት መሙላት አለበት። «ቆይ ነገ» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ቁልፉን ሳትቀበሉ አስሞሉት። በኋላ ቪዛ ለማራዘም ስትሄዱ የሚጠየቀው ያ ወረቀት ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ አከራዩ ስልክ አያነሳም።

አሁን ማድቤት። የቤት ሲሊንደር ቀይ ነው፣ የሚይዘው ጋዝ 14.2 ኪሎ። ሙሉ አድራሻ ለሌለው ተማሪ 5 ኪሎ የሚይዝ ትንሽ ሲሊንደር በመታወቂያ ብቻ ይሸጣል። ሲሊንደሩ ሲመጣ አመላላሹ ሳይሄድ ሁለት ነገር አንብቡ። አንዱ የባዶው ክብደት ነው። ገላው ላይ 15.3 ተብሎ ከተጻፈ ሙሉው 29.5 ኪሎ መሆን አለበት፤ አመላላሹ የሚንጠለጠል ሚዛን መያዝ ስላለበት «መዝንልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ሁለተኛው አንድ ፊደልና ሁለት አኃዝ ነው። ከላይ ያለውን ክብ መያዣ ከገላው ጋር የሚያያይዙ ቋሚ ብረቶች አሉ፤ በአንዱ የውስጥ ፊት ላይ «ሲ-27» የመሰለ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ኤ ከጃንዋሪ እስከ ማርች፣ ቢ እስከ ጁን፣ ሲ እስከ ሴፕቴምበር፣ ዲ እስከ ዲሴምበር ያለውን ሩብ ዓመት ያመለክታል። ሲ-27 ያለው ሲሊንደር እ.ኤ.አ. እስከ 2027 ሴፕቴምበር መጨረሻ ድረስ ለፍተሻ መመለስ አለበት። ብዙ ሰው የጋዙ ማብቂያ ይመስለዋል፤ ጋዝ አይበላሽም፣ የሚያረጀው ብረቱና ቫልቩ ነው። ቀኑ ያለፈበትን አትቀበሉ።

ከዚያ ክዳኑን የያዘውን ገመድ ስባችሁ ንቀሉና በስልክ መብራት ቫልቩ ውስጥ ተመልከቱ። ቀለበት የምታክል ጥቁር ጎማ አለች። ከሌለች ወይም ከተሰነጠቀች፣ ሬጉሌተሩን፣ ማለት ቫልቩ ላይ የሚገጠመውን የጋዝ መቆጣጠሪያ፣ ምንም አጥብቃችሁ ብትጫኑት ጋዙ በዳር ሽው ማለቱን አይተውም። ሬጉሌተሩ ሲገጠም መዝጊያው ዝግ ይሁን፤ የፕላስቲክ አንገቱን ወደ ላይ ይዛችሁ ቫልቩ ላይ አስቀምጡ፣ አንገቱን ስትለቁት «ቀጭ» ይላል። ካላለ አልገባም። መፍሰሱን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ ከቤቱ ውጡ። ምድጃው ከሲሊንደሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ሲሊንደሩም ምንጊዜም ይቁም፤ ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይሄዳል። ብርቱካንማው የጎማ ቱቦ ላይም ዓመት ታትሟል፤ አምስት ዓመት ሲሞላው ይቀየራል።

ጋዝ ከሸተተ ሰው ሁሉ የሚሠራት ስህተት አንዲት ናት፦ ሮጦ መብራት ያጠፋል። ማብሪያ ማጥፊያው ሲጠፋም ብልጭታ ይሰጣል። መብራቱም ማራገቢያውም እንዳሉበት ይቆዩ። ሬጉሌተሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ትንሿን የላይ መስኮት ብቻ መክፈት አይበቃም፣ በሩ ይከፈት። ከዚያ ውጪ ሆናችሁ 1906 ደውሉ፤ የጋዝ አደጋ ስልክ ነው።

ኤሌክትሪኩ 230 ቮልት ስለሆነ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ የማይስማማው ቀዳዳው ነው። ትንሹ ባለሦስት ቀዳዳ ሶኬት ለ6 አምፔር፣ ትልቁ ለ16 አምፔር ነው፤ እላዩ ላይ ተጽፏል። 2,000 ዋት የሚል ማሞቂያ ወደ 9 አምፔር ይስባል፤ በማስማሚያ ትንሹ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት መጀመሪያ ፕላስቲኩ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል። ካውያና ማንቆርቆሪያ ትልቁ ላይ። የሻወር ማሞቂያውን አሙቁና ከመግባታችሁ በፊት አጥፉት።

ባቡሩ ብዙ የሚነበብ ስላለው ጊዜ ይወስዳል።

ትኬቱ ላይ መጀመሪያ የምታዩት አምስት አኃዝ ያለው የባቡሩ ቁጥር ነው። ስሙን እርሱት፣ ቁጥሩን ያዙ። የደርሶ መልስ ባቡሮች ብዙውን ጊዜ ተከታታይ ቁጥር አላቸው፦ 12621 ታሚል ናዱ ኤክስፕረስ ከቼናይ ወደ ኒው ዴልሂ፣ 12622 ከኒው ዴልሂ ወደ ቼናይ። በአንድ አኃዝ ስህተት የተቃራኒው አቅጣጫ ትኬት ይቆረጣል። ቀጥሎ የጣቢያውን ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። «ዴልሂ» ብቻውን ጣቢያ አይነግራችሁም፤ ኒው ዴልሂ አለ፣ ኦልድ ዴልሂ አለ፣ ሃዝራት ኒዛሙዲን አለ፣ አናንድ ቪሃር አለ። በጠዋቱ የመንገድ ጭንቅንቅ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ባቡሩን ያስመልጣል።

ሰዓቱ ለእኛ ሰው ሁለት ጊዜ ወጥመድ ነው። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፋል፣ ቀኑም እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል። ትኬቱ «15 ጁላይ፣ 00:10» ካለ፣ በእኛ ቋንቋ ሐምሌ 7 ለ8 አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ10 ነው። ጣቢያ መገኘት ያለባችሁ ሐምሌ 7 ማታ ነው። በጁላይ 15 ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው ባቡሩ ከሄደ ቀን ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሆኖ ያገኘዋል፤ ትኬቱም ገንዘቡም የለም። ሌላም አለ፦ ከመሀል መንገድ የምትሳፈሩ ከሆነ፣ ባቡሩ የት እንደደረሰ በስልክ ስትፈልጉ የሚጠየቀው ባቡሩ ከመነሻው የተነሳበት ቀን ሊሆን ይችላል። ከቼናይ ማታ የሚነሳው 12621 ኒው ዴልሂ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው፤ የእናንተን ቀን ብታስገቡ የሚታያችሁ ሌላ ባቡር ነው።

የፉርጎው ፊደል ክፍሉን ይነግራል። ኤስ ስሊፐር ነው፤ አልጋ አለው፣ ኤሲ የለውም፣ አንሶላ አይሰጥም። ቢ ባለሦስት ደርብ ኤሲ፣ ኤ ባለሁለት ደርብ፣ ኤች አንደኛ ማዕረግ፣ ሲ ወንበር። ስለዚህ «ቢ4፣ 37» ማለት አራተኛው ባለሦስት ደርብ ኤሲ ፉርጎ፣ 37ኛ አልጋ ነው። ይህ 37 የታች ይሁን የላይ ለማወቅ ለ8 አካፍሉት፣ ቀሪውን ተመልከቱ። ቀሪው 1 ወይም 4 ከሆነ ታች፣ 2 ወይም 5 መካከለኛ፣ 3 ወይም 6 ላይ፣ 7 በኮሪደሩ በኩል ታች፣ ቀሪ ከሌለው በኮሪደሩ በኩል ላይ። 37 ለ8 ሲካፈል 5 ይቀራል፤ መካከለኛ ነው። ጀርባውን ወይም ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው መካከለኛ አልጋ ስቃይ ነው፤ ቀና ብሎ እንኳ መቀመጥ አይቻልም። ይህ ስሌት ለኤስ እና ለቢ ነው፤ በኤ ፉርጎ ለ6 ታካፍላላችሁ፣ 1 እና 3 ታች ናቸው። ትኬት ሲቆረጥ ዕድሜ በትክክል ይሞላ፤ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ወንድና ከ45 በላይ ለሆነች ሴት፣ ቦታ ካለ ሲስተሙ የታቹን ይሰጣል። መካከለኛው አልጋ የሚዘረጋው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውጪ የታቹ አልጋ የሁሉም መቀመጫ ስለሆነ «ትኬቱ የኔ ነው» ብላችሁ ቀን እንዳትጋደሙበት።

ከሁሉም በላይ የሚነበበው ሁኔታው ነው። «ሲኤንኤፍ» ካለ ቦታ አላችሁ። «አር ኤ ሲ» ካለ ባቡሩ ላይ ትወጣላችሁ፣ ግን የኮሪደሩን የታች አልጋ ከሌላ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ ትካፈላላችሁ፤ የቀረ ተሳፋሪ ካለ ተቆጣጣሪው ሙሉ አልጋ ይሰጣችኋል። «ደብሊው ኤል 34/ደብሊው ኤል 12» ካለ ገና ወረፋ ላይ ናችሁ፤ ስትቆርጡ 34ኛ ነበራችሁ፣ አሁን 12ኛ ደርሳችኋል ማለት ነው። ከፊቱ «ጂ ኤን» ካለበት ወረፋው የዋናው መስመር ነውና ይንቀሳቀሳል፤ «አር ኤል» ወይም «ፒ ኪው» ካለበት ትንሽ ኮታ ስለሆነ 12 ቁጥር እዚያው ቀርታ ልታድር ትችላለች። የተሳፋሪዎች ዝርዝር ሲወጣ ጨርሶ በወረፋ ላይ የቀረ የኢንተርኔት ትኬት በራሱ ይሰረዛል፣ ገንዘቡም ይመለሳል፤ እሱን ይዞ መሳፈር አይቻልም።

ትኬት የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ኦክቶበር 120 ቀን ነበር፣ የቆየ ምክር የሚሰጣችሁ ሰው ያንን ነው የሚነግራችሁ። በመጨረሻው ቀን ለሚሄድ «ታትካል» አለ፤ በዋዜማው ለኤሲ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ለስሊፐር 5 ሰዓት ይከፈታል፣ በደቂቃ ውስጥም ያልቃል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጁላይ ወዲህ በኢንተርኔት ለመቁረጥ አድሃር በሚባለው የነዋሪ መታወቂያቸው የተረጋገጠ አካውንት ስለሚጠይቅ፣ ፓስፖርት ብቻ ያለው ሰው አይተማመንበት። ለውጭ ጎብኚዎች የተለየ ኮታ አለ፤ ኒው ዴልሂ ጣቢያ በፓሃርጋንጅ በኩል አንደኛ ፎቅ ላይ ባለው ቢሮ ፓስፖርት ይዛችሁ ትጠይቃላችሁ። ደረጃው ሥር «ቢሮው ተዛውሯል፣ ተዘግቷል» የሚል ሰው አይጠፋም። ደረጃውን ውጡና በዓይናችሁ እዩ።

መድረኩ ላይ የፉርጎ ቦታ የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። ባቡሩ እጅግ ረጅም ነው፤ ትንሽ ጣቢያ ላይ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ነው የሚቆመው። በሽተኛ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሮጥ አይሆንም፤ ሰሌዳውን አይታችሁ ቀድማችሁ ቁሙ።

የመድኃኒቱ ነገር ይቀረኛል። ክኒኑ በያዘው ስትሪፕ ጀርባ ላይ ቀይ ቋሚ መስመር ካለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይወሰድ ነው፤ አንቲባዮቲክ ላይ በብዛት ታዩታላችሁ። ዋጋው የተጻፈው ለሙሉው ስትሪፕ ስለሆነ ለ10 ወይም ለ15 አካፍሉት። ፋርማሲው አራት ክኒን ብቻ ከፈለጋችሁ በመቀስ ቆርጦ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ማብቂያ ቀኑና የምርት ቁጥሩ ያሉበት ጫፍ እሱ ዘንድ ይቀራል። ቀኑ ካለበት በኩል እንዲቆርጥ ንገሩት፣ ወይም ሳይቆረጥ ፎቶ አንሱ። 08/2027 ካለ እስከ ኦገስት መጨረሻ ይሠራል፤ በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2019 መሆኑ ነው።

ከንግድ ስሙ በታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስምና ሚሊግራሙ ነው፤ እነሱ «ሶልት» ይሉታል። ከሆስፒታል ስትወጡ የሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የንግድ ስሙ ብቻ ይጻፋል፣ ያ ስም ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ፋርማሲ ላያውቀው ይችላል። ሐኪሙ ፊት ሳላችሁ ከእያንዳንዱ የንግድ ስም ጎን ሶልቱን በእስክሪብቶ አስጽፉት፤ ከዚያ በኋላ ማኅተም አስደርጉበት።